የገዛ ደሟ

ነጅማ በመካ ከተማ ሩሰይፋ ሰፈር በአንድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን አሞኛል ብላ ተኝታ አታውቅም ነበር። ወረባቦ ተወልዳ ያደገች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላት፣ ቀጠን ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። አገሯ ሳለች አግብታ ነበር፤ ሳይወልዱ ተፋቱ፤ ወደ ሳዑዲ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አሠሪዋ ኡም ዙበይር ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ባለ ሦስት ፎቅ ቤታቸው ውስጥ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። የቤቱ ቁልፍ ሁሉ ያለው ግን ነጅማ ዘንድ ነው።

ሕመሙ በጣቶቿ ጀመረ። ከፍሪጅ ሥጋ ስታወጣ ጣቶቿ እንደ ኖራ ይነጣሉ፤ ትንሽ ቆይተው ይጠቁራሉ፤ ከዚያ እያቃጠሏት ይቀላሉ። ሰፈር ያለው ክሊኒክ «የበረኪና አለርጂ ነው» ብሎ ቅባት ሰጣት። ጓንት አድርጋ መሥራት ጀመረች። ቅባቱም ጓንቱም ምንም አልፈየዱላትም። በዓመቱ የእጇ ቆዳ ደድሮ አጥንቷ ላይ ተለጠፈ፤ ጨርቅ መጭመቅ አቃታት። ቀጥሎ ፊቷ ተወጠረ፣ አፏ ጠበበ። ስትስቅ ጥርሷ ስለማይታይ የቤቱ ልጆች «ነጅማ፣ ለምን ተቆጣሽ?» ይሏት ነበር። ያም ሆኖ ሥራዋን አላቆመችም። ያስቆማት ደረጃው ነው። አንድ ቀን የታጠበ ልብስ ይዛ ወደ ጣሪያ ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጥሯት ተቀመጠች። ኡም ዙበይር ሲደርሱ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኟት።

በማግስቱ ጂዳ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ራሳቸው ወሰዷት። ዶክተር ሱመያ የምትባል ወጣት ሐኪም የነጅማን ክንድ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ቆዳውን ለማንሳት ሞከረች። አልተነሳላትም። ደም ተቀዳ፣ ሳንባዋና ልቧ ተመረመረ። ስክሌሮደርማ የሚባል በሽታ ነው አለቻት።

«የሰውነትሽ ዘበኛ ባለቤቱን ሌባ ነው ብሎ ይዞ እየደበደበ ነው» አለች ዶክተሯ። «ቆዳሽን ብቻ አይደለም፤ ሳንባሽንም ጀምሮታል።»

ስምንት ወር ክኒን ዋጠች። ማስመለሱ ተረፋት እንጂ ሳንባዋ በየምርመራው ከበፊቱ እያነሰ ሄደ። በስምንተኛው ወር ዶክተር ሱመያ በሩን ዘግታ ወንበሯን አቀረበች።

«አንድ መንገድ ይቀራል» አለች። «ስቴም ሴል ይባላል። ደም የሚወልደው ዘር ማለት ነው። መጀመሪያ ከገዛ ደምሽ ውስጥ ያንን ዘር አጣርተን እናወጣና በበረዶ እናስቀምጠዋለን። ከዚያ በኃይለኛ መድኃኒት ያሉትን ዘበኞች በሙሉ እናጠፋቸዋለን። በመጨረሻ ዘሩን እንመልስልሻለን፤ አዲስ ዘበኛ ይበቅላል። አዲሱ ባለቤቱን እንዲያውቅ ነው ተስፋችን።»

«ተስፋችን?»

«ብዙዎቹ ላይ ሠርቷል። ግን ዘበኛ የማይኖርሽ ቀናት አሉ። በእነዚያ ቀናት ትንሿ ጉንፋን ትገድላለች። ከመቶ ሰው ከአምስት እስከ አሥሩ በሕክምናው ራሱ ይሞታሉ። አልዋሽሽም።» ዶክተሯ ወረቀቶቹን ወደ ነጅማ ገፋ አደረገች። «ሌላም አለ። ከዚህ መድኃኒት በኋላ የመውለድ ተስፋሽ በጣም ትንሽ ነው።»

ነጅማ የማይታጠፉትን ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። «ባልታከምስ?»

«ሳንባሽ አይጠብቅሽም።»

ሕክምናው ጥናት ስለሆነ ወጪውን ሆስፒታሉ ይችላል፤ የሚፈለገው ጊዜው ያላለፈ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ እና ከሆስፒታል ስትወጣ የምታርፍበት ንጹሕ ክፍል ነው። ነጅማ ወረቀቶቹን ተቀብላ ወጣች።

መጀመሪያ የነገረችው ለታላቅ ወንድሟ ለደርበው ነው። ደርበው በጂዳና በመካ መካከል ባለችው ባሕራ፣ እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ በቀን ሥራ የሚውል፣ ኢቃማ የሌለው ሰው ነው። የሰማውን እስከ መጨረሻው ሳያዳምጥ ጮኸ።

«መርዝ ሰጥተው ሊገድሉሽ? ይሄ ስቴም ሴል የምትይው እኮ ጂዳ ውስጥ በመርፌ ብቻ የሚሰጥ ሰው አለ! የእንጨት ቤቱ ሹፌር ጉልበቱን ተወግቶ ድኗል። ፀጉር አይረግፍ፣ ሆስፒታል አያስተኛ። ያለኝን ሰጥቼ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ። ያላ፣ ነገ እንሄዳለን።»

ነጅማ አልተከራከረችውም። «እሺ፣ እንየው» አለች።

ቦታው አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ያለ አፓርታማ ነው። ሳሎኑ ውስጥ አራት ሰዎች ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ተቀምጠዋል። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ በፈገግታ ተቀበላቸውና ትንሽ ጠርሙስ ከፍሪጅ አወጣ። «ሦስት መርፌ ብቻ፤ ኸላስ፣ ትድኛለሽ» አላት።

ነጅማ ጠርሙሱን በሁለት መዳፏ መሃል ያዘችው፤ ጣቶቿ አይጨብጡላትም። ላዩ ላይ ስልክ ቁጥር እንጂ ሌላ ጽሑፍ የለውም።

«ይሄ ዘር የማን ነው?»

«ከውጭ የመጣ ነው። ንጹሕ።»

«የእኔ ካልሆነ ሰውነቴ እንዴት ይቀበለዋል?»

«ይቀበላል፣ ይቀበላል።»

«አሁን የሚያጠቃኝን ነገርስ መጀመሪያ በምን ታጠፉታላችሁ?»

«እሱ ራሱ ያጠፋዋል።»

«የሳንባ ምርመራ አላችሁ? ከተወጋሁ በኋላ ትኩሳት ቢይዘኝ የምተኛበት አልጋ አለ?»

የሰውዬው ፈገግታ ጠፋ። «እህቴ፣ በአላህ ታመኚ።»

«በአላህማ አምናለሁ» አለች ነጅማ። «እኔ የጠየቅሁት ስለ ጠርሙሱ ነው።» መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ደርበው ሕንፃው ሥር ደረሰባት። ፊቱ በንዴት ቀልቷል። «የለፋሁበትን እንዲህ ታደርጊዋለሽ? እሺ፣ እዚያ ገብተሽ ብትሞቺስ? ለእማ ሬሳሽን ልላክላት?»

«ደርቤ፣ ስማኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የሩዝ ጆንያ ተሸክሜ ሦስት ፎቅ እወጣ ነበር። ዛሬ ከዚህ እስከ መኪናው ለመሄድ አንድ ጊዜ ማረፍ አለብኝ። ተቀምጬ እያየሁት ከሚገድለኝ ገብቼ ልግጠመው። ሬሳዬ የሚሄድ ከሆነ፣ ስትታገል ነው የሞተችው ብለህ ንገራት።»

ደርበው ወደ ባሕራ የሚሄድ መኪና ውስጥ ገብቶ ሄደ፤ ለሦስት ሳምንትም አልደወለላትም።

ቀጥሎ የነበረው የኡም ዙበይር ጉዳይ ነው። ነጅማ ከዙህር ሶላት በኋላ ሳሎን ገብታ ፊት ለፊታቸው ቆመች። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው።

ኡም ዙበይር መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ አገርሽ ብትገቢ ይሻልሻል። እናትሽ ዘንድ። ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛውን፣ አስመታልሻለሁ፣ ትኬቱንም እቆርጣለሁ። መሥራት ካቃተሽ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እዚያ ይሄ ሕክምና የለም፣ መዳም። ኹሩጁ የሞት ወረቀት ነው።»

«እንዲህ አትበይ!»

«እውነቱን ነው የነገርኩዎ። ይህን ሁሉ ዓመት ምንም ጠይቄዎት አላውቅም። አሁን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ኢቃማዬ እንዳይቋረጥ። ክፍሌ ደግሞ ለስድስት ወር በእጄ እንዲቆይ። ሥራውን ሚስከር ትሠራለች፤ ዓዚዚያ የምትሠራው ልጅ፣ ያውቋታል። ተነጋግረን ጨርሰናል።»

ኡም ዙበይር ተናደዱ። በራሳቸው ቤት ተወስኖ የተነገራቸው መሰላቸው። «ወረቀቱን አምጪው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሁለት ቀን አነበቡት። የአስተማሪነት ልማድ ነውና በቀይ እስክሪብቶ እያሰመሩ፣ በጠርዙ ላይ ጥያቄ እየጻፉ። ነጅማ በኩሽናው በር ባለፈች ቁጥር ያንን ቀይ ቀለም ታያለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠሯት።

«ያንቺ ክፍል ጣሪያ ላይ ነው» አሉ። «ደረጃ አትወጪም፤ አቧራም አለው። የታችኛውን የእንግዳ ክፍል አስጠርጊ፤ ምንጣፉ ይነሳ። አሥራ አንድ ጥያቄ ጽፌያለሁ፤ ለዶክተሯ አብረን እንጠይቃታለን።»

ነጅማ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች።

የቀረችው እናቷ ናት። ወረባቦ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ለእናትማ ጭራሽ። ነጅማ ግን ደብቃት መሞት አልፈለገችም። ጁሙዓ ዕለት ደውላ ሁሉንም ነገረቻት፤ መውለድ እንደማትችልም ጭምር። «እኔ አንቺን የወለድኩት እንድትኖሪ ነው» አለች እናቷ። «ግቢ። እኔ ዱዓዬን አላቋርጥም። ከመግባትሽ በፊት ግን ድምፅሽን አሰሚኝ።»

መጀመሪያ ዘሩ ከአጥንቷ ወደ ደሟ እንዲወጣ የሚያደርግ መርፌ ለብዙ ቀናት መወጋት ነበረባት። ነርሷ ሰው ይወጋልሽ ብትላትም እምቢ አለች። መርፌውን በጣቶቿ አንጓ መሃል አጣብቃ፣ በመዳፏ እየገፋች ሆዷን ትወጋ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወገቧና ጭኗ ውስጥ አጥንቷ የሚፈነዳ መሰላት። «ዘሩ እየወጣ ነው ማለት ነው» አለች ለራሷ፤ ትራስ ነክሳ ቻለችው።

ደሙ የተጣራ ዕለት አንገቷ ላይ ቱቦ ተሰክቶ አምስት ሰዓት ተቀመጠች። ደሟ በአንዱ ቱቦ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፤ በሌላው ይመለሳል። ከላይ የተሰቀለው ከረጢት ቲማቲም የነካው ውሃ በመሰለ ነገር ቀስ እያለ ይሞላል። አጠገቧ ፋጡማ የምትባል የሁለት ልጆች እናት ሱዳናዊት ተቀምጣለች፤ ያው በሽታ፣ ያው ማሽን።

«እኔ የምገባው ካንቺ ሦስት ሳምንት ቀድሜ ነው» አለቻት ፋጡማ እየሳቀች። «የክፍሉን ምግብ ቀምሼ እነግርሻለሁ።»

ፋጡማ ገባች። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ልቧ መድኃኒቱን አልችል ብሎ ሞተች።

ዶክተር ሱመያ ነጅማን አስጠርታ ሳትሸፋፍን ነገረቻት። ዓይኗ አብጧል። «አንቺ መተው ትችያለሽ» አለች። «ማንም አይወቅስሽም። ዘርሽ በበረዶ ውስጥ ይቆያል።»

ነጅማ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ፋጡማ ስትስቅ ነው የምትታያት። የእንግዳው ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጣ የራሷን ትንፋሽ አዳመጠች፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ መጨረሻው ላይ እንደ ደረቅ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ያ ድምፅ ባለፈው ወር አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ለዶክተሯ ደወለች።

«የእኔ ልብ እንዴት ነው?»

«ከፋጡማ በጣም ይሻላል። እንደገና መርምሬዋለሁ።»

«እንግዲያውስ እገባለሁ።»

ለደርበውም መልእክት ላከችለት። ፋጡማ መሞቷን አልደበቀችውም፤ የምትገባበትን ቀንም ነገረችው። አነበበው እንጂ አልመለሰም። የገባች ዕለት በር ላይ ሆና ለእናቷ ደወለችላት።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት በር አለው፤ በመተላለፊያው በኩል ደግሞ ትልቅ መስታወት። አራት ቀን መድኃኒቱ ገባ። ሆዷ ውስጥ የቀረ ነገር እስከማይኖር አስመለሳት፤ የአፏ ውስጥ ቆሰለ። ፀጉሯ ትራሱ ላይ መቅረት ሲጀምር ሳይረግፍ ልቅደመው ብላ መላጫ አስመጥታ ራሷን አስላጨች። ከዚያ ዘሩ የሚመለስበት ቀን ደረሰ። ነርሷ የቀለጠውን ከረጢት ሰቀለችው፤ ዘሩ ከተቀመጠበት መድኃኒት የተነሳ ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀም።

«ይኸው ነው?» አለች ነጅማ።

«ይኸው ነው» አለች ነርሷ። «አሁን መጠበቅ ነው።»

ነርሷ በየጠዋቱ የነጭ ደም ሴሏን ቁጥር ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ትጽፍላታለች። ዜሮ። በማግስቱም ዜሮ። በስድስተኛው ቀን ከዙህር በፊት ብርድ ብርድ አላትና ትኩሳቷ አርባን አለፈ። ሐኪሞች በሁለቱም በር ተመላለሱ። ዶክተር ሱመያ ጭንብሏን አጥብቃ አጠገቧ ቆመች።

«ነጅማ፣ ትሰሚኛለሽ? ኢንፌክሽን ነው። እየተዋጋንልሽ ነው።»

«እኔም አለሁ» አለች ነጅማ በተሰነጠቀ ከንፈሯ።

ኡም ዙበይር የደርበውን ቁጥር ከሚስከር ተቀብለው ደወሉለት። በጂዳ መንገድ ላይ ፍተሻ እንዳለ ደርበው ያውቃል፤ ለዚያ ነው ከባሕራ ብዙ የማይወጣው። የዚያን ዕለት ግን የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ተነሳ። ከሰዓት በኋላ ነጅማ ዓይኗን ስትገልጥ ከመስታወቱ ወዲያ እንጨት ብናኝ የለበሰ ሰው ቆሟል። ግድግዳው ላይ ያለውን የመነጋገሪያ ስልክ ኡም ዙበይር አንስተው ሰጡት።

«ነጅሚ» አለ። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ አለቀሰ።

«አታልቅስ» አለችው። «ሰሌዳውን እያየህልኝ ነገ ስንት እንደሆነ ንገረኝ። እኔ ዓይኔ አያነብልኝም።»

ነገውን አልነገራትም። ሲመለስ መንገዱ ላይ ያዙት።

ነጅማ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው፤ ኡም ዙበይር እስክትጠነክር ብለው ደበቋት። ትኩሳቱ ሦስት ቀን ታገላትና ወረደ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ነርሷ ሰሌዳው ላይ ሁለት መቶ ብላ ጻፈች፤ በማግስቱ ስድስት መቶ፤ በአሥራ አራተኛው ቀን አንድ ሺህ አራት መቶ። ዶክተር ሱመያ ቁጥሩን ቆማ አየችውና «በቅሏል» አለች። ነጅማ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች በግንባሯ ሱጁድ ልታደርግ ጎንበስ ስትል ቱቦው ያዛት፤ ነርሷ ቱቦውን ይዛላት ጨረሰች።

ከወር በላይ ቆይታ ወደ ሩሰይፋ ተመለሰች። ኡም ዙበይር የልጅ ልጆቻቸው ወደ እንግዳው ክፍል እንዳይጠጉ በሩ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ይጠብቁ ነበር። የደርበውን ነገር የነገሯትም በሦስተኛው ወር እዚያው ወንበር ላይ ሆነው ነው፤ ሁለት ወር ታስሮ ወደ አገሩ ተሸኝቷል። ነጅማ በማግስቱ እናቷ ቤት ደወለች፤ ስልኩን ያነሳው እሱ ነው።

«በእኔ ምክንያት ነው» አለችው።

«አይደለም። አልጸጸትም፣ ነጅሚ። ያን ጠርሙስ ተወግተሽ ቢሆን ኖሮ ምን እል እንደነበር አስባለሁ። እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።» ከዚያ ድምፁን ቀየረ። «ለመሆኑ ፀጉርሽ በቀለ?»

«እንደ በግ ተጠቅልሎ ነው የበቀለው።»

ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ለውጡ ቀስ ብሎ መጣ። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ክንዷን ስትታጠብ ቆዳዋ በጣቷ ሥር ተንሸራተተ። ቆም ብላ ቆነጠጠችው፤ ተነሳላት። አፏ እየሰፋ ሄደ፤ ፖም ሙሉውን መግመጥ ቻለች። በስድስተኛው ወር ጣቶቿ ግማሽ ድረስ ታጠፉ። ሳንባዋ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ዶክተር ሱመያ እንደማይሆንም ነግራታለች፤ ግን መውረዱን አቆመ። የወር አበባዋም አልተመለሰም። ምርመራው እንደማይመለስ ያረጋገጠ ዕለት ከሆስፒታሉ ወጥታ የጂዳ ባሕር ዳርቻ ወንበር ላይ እስከ ዓስር ሶላት ተቀምጣ አለቀሰች። ለዚህ ልቅሶ ማንም እንዲመጣላት አልፈለገችም። ሲበቃት ተነስታ ወደ መካ የሚሄድ ታክሲ ያዘች።

በዓመቱ ዶክተር ሱመያ አንድ ወረቀት ሰጠቻት። አዲሱ ዘበኛ ገና ምንም አላየምና የሕፃናት ክትባት ሁሉ እንደገና ያስፈልጋታል፤ ፖሊዮው፣ ቴታኖሱ፣ ትክትኩ፣ አንድም ሳይቀር። ስለዚህ ነጅማ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሩሰይፋ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳ ልጅ ካቀፉ እናቶች መሃል ተራ ይዛ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ወጣት ሶሪያዊት ወረቀት መሙላት አቅቷት ሕፃኗን ወደ ነጅማ ዘረጋችው።

«እባክሽ፣ አንዴ ያዥልኝ።»

ነጅማ ተቀበለችው። ይከብዳል፤ ይሞቃል፤ ወተት ይሸታል። በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛው እናቱ ጽፋ እስክትጨርስ ፊቱን አየችው። ከዚያ መለሰችላት።

የጤና ጣቢያው ነርስ የነጅማን ስም ጠራች። ነጅማ ተነሳች። ነርሷ ባዶ እጇን አየች፣ ኋላዋንም አየች።

«ሕፃኑ የታለ?»

«የምከተበው እኔ ነኝ» አለች ነጅማ፤ እጅጌዋንም እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች።